የመቀስቀሻው ብልቃጥ

ፅዮን ኪዳነወልድን የወላይታ ሶዶ ሰው የሚያውቃት በእጅ ጽሑፏ ነው። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሱቆች የአብዛኞቹን ታፔላ የጻፈችው እሷ ናት፤ እሷ ያልጻፈችውን አባቷ ጽፎታል። አባቷ ኪዳነወልድ ጢሙ ገና ማቀምቀም ሲጀምር ከጉራጌ አገር ወጥቶ ሶዶ የገባ ሰው ነበር። መጀመሪያ በቆርቆሮ ሥራ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ከዚያ ቀለምና ቡርሽ ያዘና በዚያው ቀረ። እናቷ ጣፈጠች ገበያው ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ጣፈጠች ሌሎችም ልጆች ወልዳ ነበር፤ ያደገችላት ግን ፅዮን ብቻ ናት።

ኪዳነወልድ መሰላል ላይ ቆሞ የፀጉር ቤት ታፔላ ሲጽፍ ቡርሹ ከእጁ ወደቀ። ወርዶ ሊያነሣው ፈልጎ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሰዎች ተቀባብለው ሲያወርዱት ቀኝ ጎኑ በሙሉ የእሱ አልነበረም፤ ምላሱም ታስሯል። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ ጸለዩለት። ጓዳ እንዲያስተኙት ግን እንቢ አለ። በግራ እጁ ወደ ውጭ እያመለከተ አስቸገራቸው፤ በመጨረሻ አልጋውን መንገዱ የሚታይበት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ዘረጉለት።

ያ ክፍል ፅዮን ኮምፒውተር ያስገባችበት ክፍል ነው። ጊዜው የሚሊኒየሙ ዋዜማ ነበር፤ ሶዶ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ፣ ጌም የሚጫወት ሰው በዝቶ ነበር። ከጌሞቹ ሁሉ በጣም የተወደደው የአክስቷ ልጅ ሳሚ ከአዋሳ በሲዲ ቀድቶ ያመጣላት ነው። ተጫዋቹ በጫካና በዋሻ እየዞረ ልዩ ልዩ አውሬ ይይዛል፤ የያዘውን ያሳድጋል፤ ካሳደገ በኋላ ከሌላ አውሬ ጋር ያጋጥመዋል። ደንበኞቿ የጨዋታውን ስም ትተው «አውሬዎቹ» ነበር የሚሉት። ከአውሬዎቹ አንዱ በውጊያ ላይ ይመረዛል፤ ሌላው ይቃጠላል፤ ሌላው በበረዶ ይደርቃል፤ አንዳንዱ ሽባ ይሆናል፤ አንዳንዱን ደግሞ እንቅልፍ ይጥለውና ቢመቱትም አይነቃም። ለእያንዳንዱ ደዌ የየራሱ መድኃኒት አለው። ትክክለኛውን ከሰጡት አውሬው ወዲያው ይድናል። የተሳሳተውን ከሰጡት ጨዋታው «ይህ አይሠራም» ብሎ ይመልሳል።

ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ፅዮን ከአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። አንድ ቀን አንዱ አውሬዋ ሽባ ሆነባት፤ ቢጫውን መድኃኒት ሰጠችው፤ ተንቀሳቀሰ። ዘወር ስትል አባቷ ትራሱን ለቆ አንገቱን አስግጓል። የግራ ጣቱን አነሣ። «ምን ፈለግክ አባዬ?» አለችው። ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ። ድገሚው ማለቱ ነበር።

ደገመችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆነ ብላ አውሬዋን ለሽባነት እየዳረገች ትፈታለት ጀመር። ኪዳነወልድ አውሬው እጁን ዘርግቶ ሲነሣ ግማሽ ፊቱ ይስቃል። ሌላው ግማሽ እንደነበረ ይቀመጣል። ፅዮን ያንን ፊት ለማየት ስትል ነው የምታደርገው፤ ግን ደግሞ ፊት ለፊት ልታየው አትደፍርም ነበር፤ እያደረገችም ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ትቀራለች። ክረምቱ ሳይወጣ አባቷ ሞተ። ጣቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣችው ወደ እሷ ይሁን ወደ ኮምፒውተሩ አላወቀችም።

ከሐዘኑ በኋላ ሥራዋን ቀጠለች። ተጫዋቾቹ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ እንግሊዝኛ አይቸግራቸውም፤ የመድኃኒቶቹ ስም ግን ይምታታባቸዋል። ለተመረዘው የቃጠሎውን ይሰጡና «አይሠራም» ሲላቸው «ፅዮን፣ ነይማ» ይላሉ። መላልሳ ማስረዳቱ ሲያሰለቻት የአባቷን ቀለም አወጣች። ቤቷ በመንገዱ በኩል ረጅም ግድግዳ አለው፤ እሱን በስቱኮ አለሰለሰችና ሥዕል ሠራችበት። በእያንዳንዱ የታመመ አውሬ ጎን መድኃኒቱን በብልቃጥ አድርጋ ሣለች፤ ከሥሩም ስሙን ራሷ አውጥታ ጻፈች። ለመርዝ ማርከሻ፣ ለቃጠሎ ማብረጃ፣ ለበረዶ ማቅለጫ፣ ለሽባ መፍቻ። መጨረሻ ላይ ዓይኑን የጨፈነ አውሬ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ብልቃጥ፣ ቀጥሎ ያው አውሬ ዓይኑን ገልጦ፤ ከሥሩ «መቀስቀሻ፤ ተኝቶ አልነሣም ላለ» የሚል። ከሁሉም በላይ፣ ታፔላ ጸሐፊ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በትልቁ «ለሁሉም ዓይነት ደዌ መድኃኒት እዚህ ይገኛል» ብላ ጻፈች። በዕድሜዋ ስንት ሱቅ ላይ «እዚህ ይገኛል» ብላ እንደጻፈች አታውቀውም፤ እጇ ራሱ ነው የጻፈው።

አንዳንድ አማኞች አውሬዎቹን እንዳያዩ መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው በኩል ማለፍ ጀመሩ። ገበያዋ ግን ደራ።

ባዳቾ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ከቦምቤ ወዲያ ያለ ገበሬ ነው፤ አርባውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ። በሩ ላይ ቆመና «ሳሮ» አለ፣ በወላይታ ሰላምታ።

«ሳሮ፤ ይግቡ ጋሼ» አለችው ፅዮን።

አልገባም። «እህቴ፣ ሰማያዊውን ነበር የፈለግኩት» አላት በአማርኛ።

«የቱን ሰማያዊ?»

«ውጭ ያለውን። የሚቀሰቅሰውን።»

ፅዮን ልጁ እየተጫወተ የላከው አባት መሰላት። «ለማን ነው?» አለችው።

«ለሚስቴ ነው። ተኝቷል። አይነሣም።» አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ሚስቱን እንደ ወንድ ነበር የሚጠራት። «ዓይኑ ይገለጣል፤ ግን አልነቃም። ካጎረስኩት ይውጣል። አይናገርም። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ እዚህም ሆስፒታል አመጣሁት፤ ክኒን ሰጡን። ጸሎት ተደረገ። አልነቃም።»

ፅዮን በወላይትኛ አድርጋ፣ ውጭ ያለው ሥዕል የጨዋታ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ እንደሆነ ነገረችው። ሰውየው አዳምጧት ወደ ግድግዳው መልሶ አየ። እንዳላመናት ገባት። ስለዚህ ላሳየው ብላ እጁን ይዛ አስገባችው፤ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ጨዋታውን ከፈተች። አውሬው እንቅልፍ ጣለው፤ ዓይኑ ተጨፈነ። ሰማያዊውን መድኃኒት ሰጠችው። አውሬው ዓይኑን ገለጠ።

ባዳቾ ከወንበሩ ተነሣ። «ነቃ» አለ በቀስታ።

«ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አውሬው ሥዕል ነው። እኔ የጠየቅኩሽ መድኃኒቱን ነው።»

ማሳየቷ ነገሩን አባሰው። ባዳቾ በየገበያው ቀን መምጣት ጀመረ። አይለምንም፣ አይጨቃጨቅም። እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈረውን ቦዬውን ሸጦ ሲጨርስ ይመጣና ከግድግዳው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው ብልቃጥ ካለበት ዘንድ ይቆማል። የተረፈውን ቦዬ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥላታል። አንድ ቀን ብቻ «ድሃ ስለሆንኩ ይሆን የከለከልሽኝ?» አላት። ከእሱ የሰማችው ትንሽ ነገር ይህ ነው፤ ሚስቱ ፈጠነች ትባላለች፤ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ልጁ በወባ ትኩሳት ሞተ፤ ከቀብሩ ሲመለሱ ፈጠነች ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ናት።

ጣፈጠች ከገበያ ስትመለስ ሰውየውን ቆሞ ታየዋለች። አንድ ቀን ዘንቢሏን አስቀመጠችና «አባትሽም ስክሪኑን እንዲህ ነበር የሚያየው» አለቻት ልጇን።

ፅዮን በሚቀጥለው ገበያ ዋዜማ ውኃ አፈላች። ስኳር ጨመረችበት፤ ጨው ቆንጥራ ጣል አደረገች፤ አቀዘቀዘችው። ሰማያዊ የሽቶ ብልቃጥ ፈልጋ አገኘች፤ በሙቅ ውኃ አጠበችና ሞላችው። ባዳቾ ሲመጣ ከእጁ ላይ አስቀመጠችለት። እየሰጠችውም አባቷን ስታስታምም የለመደችውን ሁሉ ነገረችው። «ጠዋት ፀሐይ ላይ ያውጧት። ፊቷን ይጠቡላት። በስሟ ይጥሯት። ከዚያ በማንኪያ ትንሽ ያቅምሷት። በየቀኑ።» ባዳቾ ብልቃጡን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊነካ ሲል ወደ ኋላ አለች። መንገዱን ይዞ ሲወርድ ብልቃጡን ደረቱ ላይ አጣብቆ ነበር፤ እንቁላል እንደያዘ ሰው ነበር የሚራመደው።

ያን ቀን ቀለል ብሏት ዋለች። ውኃ ነው፣ ማንንም አይጎዳም፤ ሰውየውም ልቡ ያርፋል፤ ብላ አሰበች።

በማግሥቱ የአንድ ሻይ ቤት ታፔላ ጽፋ ጨርሳ ቡርሿን ልታጥብ ወደ ጓሮ ሄደች። ቡርሽ የሚታጠበው በአኳራጅ ነው፤ ቀለም የሚያሟሟ፣ ቢጠጡት የሚመርዝ ፈሳሽ። አባቷ አኳራጁን በጀሪካን ገዝቶ፣ ለሥራ እንዲመቸው በየትንንሹ ጠርሙስ እየቀዳ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር፤ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ የሽቶ ብልቃጥ፣ ያገኘውን ሁሉ። ፅዮን እጇን ዘርግታ ቆመች። መደርደሪያው አቧራ ለብሷል። አቧራው ውስጥ አንድ ክብ ቦታ ንጹሕ ነው። እዚያ ቆሞ የነበረ አንድ ነገር በቅርቡ ተነሥቷል።

ሰማያዊውን ብልቃጥ ከየት ነበር ያነሣችው? ከእናቷ ቁም ሣጥን፣ ከመስተዋቱ ኋላ እንዳነሣችው ታስታውሳለች። ግን ደግሞ ስታስበው፣ እጇ ከዚህ መደርደሪያ ላይ ሲያነሣም ይታያታል። ያጠበችው ሽታው ሽቶ ነበር ወይስ አኳራጅ? ታፔላ ጸሐፊ አፍንጫው ከአኳራጅ ጋር ኖሮ ኖሮ አኳራጅን አይለየውም።

እናቷን ጠየቀቻት። «ሰማያዊ ብልቃጥ ነበረሽ አይደል?»

«ድሮ ነበረኝ» አለች ጣፈጠች። «አባትሽ ወስዶት ይሁን ጥዬው ይሁን እንጃ።»

በሚቀጥለው ገበያ ባዳቾ አልመጣም። ከዚያም በኋላ ባለው አልመጣም። ፅዮን ከጠዋት እስከ ማምሻው በሩ ላይ ተቀምጣ የሚወርደውን ሰው ፊት ሁሉ ታይ ነበር። ጨዋታውን የሚጫወቱት ሰዎች ድምፅ ይረብሻት ጀመር። በጨዋታው ውስጥ አንድ አውሬ ተመርዞ ሳይታከም ጉዞ ከቀጠለ፣ ተጫዋቹ ጥቂት በተራመደ ቁጥር ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ መርዙ ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ማሳወቂያ ነው። ፅዮን ወደ ገበያ ስትሄድ፣ ከገበያ ስትመለስ፣ ጥቂት በተራመደች ቁጥር ዓይኗ ሥር ያ ብልጭታ ይመጣባታል። ትቆማለች። ስትቆም ይቀርላታል። ሰዎች መንገድ መሐል የምትቆምበትን ምክንያት አያውቁም፤ ሐዘኑ ነው ይላሉ።

በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍራ ቦምቤ ወረደች። የባዳቾን ቤት ጠየቀች። የጠየቀቻት ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ከሶዶ ነሽ?» አለቻት። «ምነው፣ ምን ሆነ?» አለች ፅዮን። ሴትዮዋ ግን ከፊቷ መራመድ ጀመረች። ከኋላዋ ሌሎችም ተከተሉ። ፅዮን ወደ ፍርድ የምትወሰድ መሰላት፤ ቢሆንም አልተመለሰችም።

የባዳቾ ቤት ከእንሰቱ መሐል ነው። ደጁ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ከሲታ ናት፤ ፊቷ ገና የታጠበ ይመስላል። ባዳቾ ከጓሮ እየሮጠ መጣና የፅዮንን ሁለት እጅ ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው። «ተነሣች» አለ፣ አሁን በራሱ ቋንቋ። «ባቀመስኳት በሳምንቱ ተነሣች። እሷን ጥዬ እንዴት ልምጣ፤ ለዚያ ነው የቀረሁት።»

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ፅዮንን ያይ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ የባዳቾን ፊት አየች፤ መልሳ ዘጋችው። ብልቃጡን ስጠኝ አለችው። አምጥቶ ሰጣት፤ ታጥቦ፣ ባዶ ሆኖ። አሸተተችው። የሸተታት የራሷ እጅ ነው፣ ቀለምና አኳራጅ። ከየት እንዳነሣችው እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ፈጠነች በቆሎውን እየፈለፈለች፣ ፅዮንን ብቻ ታይ ነበር። ምስጋና አልነበረም ዓይኗ ውስጥ ያለው። ፅዮን በሚኒባሱ መስኮት የሶዶው ዳሞታ ተራራ ደመና ለብሶ እስኪታያት ድረስ ያ ዓይን አልለቀቃትም።

ወሬ ከሰው ይቀድማል። ከቦምቤ፣ ከጉኑኖ፣ ከሻንቶ በኩል ሰው መምጣት ጀመረ። ግድግዳው ሥር በጠዋቱ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። እግሩ ያበጠ አለ፤ ልጇ በእሳት የተቃጠለባት አለች፤ ወንድሙን በቃሬዛ ያመጣም ነበር፤ «የሽባውን» ይላታል ቢጫውን ብልቃጥ እያሳየ። «ጨዋታ ነው፤ ሥዕል ነው፤ ሆስፒታል ውሰዱት» ትላለች። ይሰሟታል። ከዚያ «ለባዳቾ ሰጥተሽው የለም?» ይላሉ። ቃሬዛው ላይ ያለው ሰው ምላሱ ታስሯል። በደህናው እጁ ጣቱን አንሥቶ ቢጫውን ብልቃጥ ሲያመለክት ስታይ ፅዮን ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ «በፈቃድሽ ላይ መድኃኒት የሚል የለም፤ አጥፊው» አላት። ሳይላትም ኖራውን በጥብጣ ነበር። አባቷ በተወላት ቡርሽ አውሬዎቹን አንድ በአንድ ሸፈነቻቸው። ግድግዳው ነጭ ሆነ። ክረምት ሲገባ ግን ኖራው ውኃ ጠጣና ሥዕሉ ከሥሩ ብቅ ማለት ጀመረ፤ መጀመሪያ ዓይኖቹ፣ ከዚያ ሰማያዊው። ደግማ ቀባችው። ደግሞ ብቅ አለ። የዘይት ቀለም በኖራ እንደማይሸፈን እሷ ራሷ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነው። ቢሆንም ዝናብ በጣለ ማግሥት ወጥታ ሳታይ ሥራ አትጀምርም ነበር።

ፈጠነች በዚያው ክረምት፣ ብቻዋን፣ በእግሯ መጣች። ልብሷ በስብሷል። ሰላምታ ሳትሰጥ ገባችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መብራት ስለጠፋ ደንበኛ አልነበረም። ጣፈጠችም ዝናቡን ፈርታ ከገበያ ቀርታ ጓዳ ውስጥ በርበሬ ትለቅም ነበር።

«ባሌ ያጠጣኝ ከዚህ ያመጣውን ነው?» አለች በወላይትኛ።

«ከዚህ ነው» አለች ፅዮን።

«የሚያስተኛውስ አለሽ?»

ፅዮን ወደ ግድግዳው በኩል ዘወር አለች።

«ግድግዳው ላይ የለም» አለች ፈጠነች። «ፈለግኩት። የሚያነቃው ብቻ ነው ያለው። እኔ ተኝቼ አልነበረም። ሁሉን እሰማ ነበር። ላሚቱ ስትጮኽ እሰማለሁ። ባዳቾ ሲጸልይ እሰማለሁ። ሰዎች አበደች ሲሉ እሰማለሁ። ግን ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከተነሣሁ ይወድቃል። ለዚያ ነው ያልተነሣሁት። ያንን ውኃ ባቀመሰኝ ጊዜ ጣፈጠኝ። በማግሥቱም ጣፈጠኝ። አንድ ቀን እንዲጨምርልኝ ፊቴን ወደ ማንኪያው አዞርኩ። ፊቴን ስመልስ ልጁ የለም።»

ፅዮን አሁን እንኳ እውነቱን ልንገራት ብላ ቆረጠች። ከእሷ ፊት ተንበረከከች። «ፈጠነች፣ መድኃኒት አልነበረም» አለቻት። «ውኃ ነው። ስኳር ጨምሬበት ነበር። ሌላ ነገር የለውም። ማንም አልቀሰቀሰሽም፤ ራስሽ ነሽ የተነሣሽው።»

«ስኳር?» አለች ፈጠነች።

«ስኳር።»

«እንግዲያ ለስኳር ብዬ ነው ልጄን የተውኩት» አለች።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ፅዮን እንደተንበረከከች ቀረች። ሐሰቱ ሰው አቆመ፣ እውነቱ ሰው ጣለ፤ ይኸው ነው የሠራሁት ብላ አሰበች።

ጓዳ ሆና ስትሰማ የነበረችው ጣፈጠች እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። ወንበር ሳትፈልግ ከፈጠነች እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። እሷ ወላይትኛዋ የገበያ ወላይትኛ ነው፤ አጭር አጭር። «ስሙ ማን ነበር?» አለች።

ፈጠነች ቀና ብላ አየቻት።

«የልጅሽ ስም» አለች ጣፈጠች። «ማን ብለሽ ነበር የምትጠሪው?»

«ብሩ» አለች ፈጠነች። ድምፅዋ እንግዳ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ስሙን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እንድትረሳው ነበር የሚመክራት፤ ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሣ፣ አታንሺው፣ ይሏት ነበር።

«ብሩ ምን ይወድ ነበር?»

ፈጠነች መጀመሪያ በጥቂት ቃል መለሰች። ከዚያ ጣፈጠች ሌላ ጠየቀች። የመጀመሪያ ቃሉን፣ የሚፈራውን ነገር፣ ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ ሲተኛ በየትኛው ጎኑ እንደነበር። ጣፈጠች ደግሞ ከፅዮን በፊት የቀበረቻቸውን ሁለት ሕፃናት ስም ተናገረች፤ ፅዮን እነዚያን ስሞች ከእናቷ አፍ የሰማችው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣም ሁለቱ እያወሩ ነበር። መብራቱ መጣ፤ ኮምፒውተሮቹ ድምፅ አሰሙ፤ ፅዮን ተነሥታ አጠፋቻቸው።

ፈጠነች ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ትመጣ ነበር። ከጣፈጠች መደብ ጎን ተቀምጣ ቦዬዋን ትሸጣለች። ደህና ሆነች ማለት ይከብዳል። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ አንዳንዴም በጣፈጠች ወላይትኛ ትስቃለች። ከመቀመጫዋ ስትነሣ ግን በመጀመሪያ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ነገር በጥንቃቄ ወደ ጎን ታወርዳለች። ከዚያ ትነሣለች። በገበያው ውስጥ ያሉት ሴቶች ለምደውታል፤ ያን ጊዜ ከጎኗ ያለውን ቦታ ማንም አይረግጥም። ከባዳቾ ጋር ኖሩ፤ ሌላ ልጅ አልወለዱም። እሱ የመድኃኒቱን እውነት ሰምቷል፤ ፈጠነች ነግራዋለች። «እሷ ስኳር ነው ትላለች» ይላል ለጠየቀው ሁሉ፣ ሳይከራከርም፣ ሳያምንም።

ፅዮን የጨዋታ ቤቱን ወዲያው አልዘጋችም፤ እናቷን የምታኖረው በእሱ ነበር። «አውሬዎቹን» ግን ከኮምፒውተሮቹ ሁሉ አጠፋቻቸው። ተማሪዎቹ አኮረፉ፤ ከዚያ ኳስ ጨዋታውን ለመዱ። ትንሽ ቆይቶ ሰው ሁሉ ስልክ ያዘ፤ ቤቱ በራሱ ጊዜ ቀዘቀዘ። መንገዱ ሲሰፋ ግድግዳው ፈረሰ። ዶዘሩ ሲገፋው ኖራው እየተላጠ ሥዕሉ በየቁራጩ ታየ፤ አንዱ ሠራተኛ የአንዱን አውሬ ዓይን የያዘ ጡብ አንሥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። «የድሮ ማስታወቂያ ነው» አለችው።

አሁን የምትተዳደረው በባጃጆች ነው፤ ከኋላቸው ላይ ጥቅስና ስም በመጻፍ። ታፔላውንም አልተወችም፤ ባነር የሚያትሙት እስኪያጠፉት ድረስ። መድኃኒት ቤቶች ሲጠሯት ትሄዳለች። ፊደሉን አሳምራ ትጽፍላቸዋለች፤ ብልቃጥ ሣዪልን ሲሏት ግን እጄ አይችልም ትላለች። ባለፈው ሻንቶ የተከፈተ አንድ መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ትዕዛዝ የሚባል ወጣት፣ በሩ ላይ «ሁሉም ዓይነት መድኃኒት እዚህ ይገኛል» ብላ እንድትጽፍለት ለመናት። ፅዮን መሰላሉ ላይ ወጣች። «መድኃኒት ቤት» ብላ ጻፈች፤ ስሙን ጻፈች፤ ወረደች።

«እዚህ ይገኛል የሚለውስ?» አላት ትዕዛዝ።

«ሰው ገብቶ ይጠይቅህ» አለችው፤ ቡርሿንም በጨርቅ መጥረግ ጀመረች።